ግራው መንገድ ተቆፍሯል

ልብስ ሰፊው ቅናተኛ ነው። እሱም አይክደውም፤ «ሚስቱን የሚወድ ሰው ትንሽ ቢቀና ምን አለበት?» ይላል። ትንሽ! እስቲ እሱ ትንሽ የሚላትን ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱ።

ሚስቱ ዓይነ ስውር ናት። ብሬል ስለምታስተምር ሰፈሩ በሙሉ «መምህርት» ነው የሚላት። ከተጋቡ ጀምሮ ጠዋት ትምህርት ቤት የሚያደርሳት፣ ማታ የሚመልሳት እሱ ነው። ክንዱን ያቀርብላታል፣ ክርኑን ትይዛለች፣ እያወሩ ይሄዳሉ። ነጭ በትሯ ቦርሳዋ ውስጥ ታጥፎ ይቀመጣል። ሱቁ ውስጥ ደንበኛ እየጠበቀው እንኳ መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰክቶ እብስ ይላል። ሴቶቹ «ባል ማለት እንዲህ ነው!» ሲሉት ደረቱ ይነፋል።

ታዲያ መምህርት አዲስ ሥራ አገኘች፤ በየከተማው እየዞረች አስተማሪዎችን ልታሠለጥን ነው። ልብስ ሰፊው ወሬውን እንደሰማ፣ አብሯት የሚሄድ መስሎት ሻንጣውን ከቁም ሣጥኑ ላይ አውርዶ አቧራውን አራገፈ። እሷ ግን ረጋ ብላ፣ «መጀመሪያ መንገድ የሚመራ መሣሪያ ልሞክር። ከተስማማኝ ብቻዬን እሄዳለሁ፤ አንተም ሥራህን ትሠራለህ» አለችው።

ሥራህን ትሠራለህ! ብቻዋን? በማታውቀው ከተማ፣ ያገኛት ወንድ ሁሉ «ልርዳሽ» እያለ እጇን ሲይዛት? የዚያን ቀን ምሳ የሚባል ነገር አልቀመሰም።

ከሰዓት በኋላ የዓይነ ስውራን ማኅበሩ አሠልጣኝ፣ አንደበቷም እጇም ቅልጥፍ ያለ ሴት፣ ሦስት ነገር ይዛ ቤታቸው መጣች። አንዱ ስልክ ላይ የሚጫን ነው። «ጥሩ ነው» አለች፤ «ግን አንዱ እጅሽ በትር፣ ሌላው ስልክ ሊይዝ ነው። ዝናብ ሲነካው ደግሞ ጣትሽን አልሰማም ይላል።» ሁለተኛው በትር ላይ የሚገጠም እጀታ ነው፤ ከፊት ግንብ ወይም የተንጠለጠለ ቅርንጫፍ ሲኖር መዳፍ ላይ ይነዝራል። «ከግጭት ያድንሻል፣ መንገድ ግን አያውቅም።» ሦስተኛው አንገት ላይ የሚንጠለጠል ትንሽ ሣጥን ነው። «ያለሽበትን በሳተላይት ያውቃል፣ በየመታጠፊያው ይናገራል።» ማዳመጫው ጉንጭ አጥንት ላይ ነው የሚያርፈው፤ ጆሮ ለመኪናው ድምፅ ክፍት መሆን አለበት።

መምህርት ሣጥኑን ዳብሳ ቁልፉን ተጫነችው።

«እንደምን ዋሉ» አለ መሣሪያው፣ በወፍራም የወንድ ድምፅ።

«ወንድ ነው እንዴ?» አለ ልብስ ሰፊው፣ ከወንበሩ ብድግ ብሎ።

«ማሽን ነው» አለች አሠልጣኟ።

«የሴት የለውም?»

«አለው፤ ግን ይኼኛው ይሻለኛል፣ ጥርት ብሎ ይሰማኛል» አለች መምህርት። እየሳቀች ነው የተናገረችው። እሱ ግን ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ሣጥኑን «ጎረምሳው» ብሎ ስም አወጣለት።

«እንግዲህ ነገ ጠዋት አብጠርጥረሽ በምታውቂው መንገድ እንሞክረው» አለች አሠልጣኟ። «ከዚህ እስከ ትምህርት ቤትሽ።»

ልብስ ሰፊው ክው አለ። ለምን ቢባል፣ ጉዱ ያለው እዚያ መንገድ ላይ ነዋ!

መምህርት ተማሪ ሳለች አንድ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር። የድምፅ መቅረጫ ማሽኗ በተበላሸ ቁጥር በነፃ ይሠራላታል። ድምፁ ዜና አንባቢ ያስንቃል። ላግባሽ ብሏት እምቢ ብላዋለች፤ ልብስ ሰፊውን ነው የመረጠችው። ነገሩ እዚያ ላይ ማለቅ ነበረበት። ግን ከሠርጋቸው በኋላ ሰውየው ሄዶ ሄዶ፣ መንገዱ ለሁለት ከሚከፈልበት ፋርማሲ በስተግራ ባለው ጎዳና፣ ልክ በትምህርት ቤቷ መንገድ ላይ ሱቅ ከፈተ። እሷ አላወቀችም። ልብስ ሰፊው አወቀ። በማግስቱም ፋርማሲው ጋ ሲደርሱ ወደ ቀኝ ይዟት ታጠፈ። «ግራው መንገድ ተቆፍሯል» አላት። ቀኙ በእንጨት መሰንጠቂያው በኩል ዞሮ ዞሮ፣ ዳገት ወጥቶ ነው ትምህርት ቤቱ የሚያደርሰው። ስትጠይቀው ቱቦ እየቀበሩ ነው፣ ሌላ ጊዜ ውሻ አለ፣ ሌላ ጊዜ ጭቃ ነው። በኋላ መጠየቁንም ተወችው። እሱም ያንን ሱቅ ላለማየት ብቻውን ሲሆን እንኳ በዚያ አልፎ አያውቅም።

እና ያን ማታ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ባለ እጀታውን በትር ያሻሽጥ ጀመር! ዓይኑን ጨፍኖ ሳሎኑን ዞረበት። ቁም ሣጥኑ ጋ ሲደርስ ነዘረው። «አየሽ? አየሽ? ለአንቺ የሚሆነው ይኼ ነው! ያ ለፍላፊ ራስሽን ያዞረዋል።»

«አንተ ሰውዬ፣ የበትሩ ሻጮች ቀጠሩህ እንዴ?» አለችው፣ እንባዋ እስኪመጣ እየሳቀች።

ጠዋት ወጡ። አሠልጣኟ ከኋላ፣ መምህርት በአንድ እጇ በትሯን፣ በሌላው የባሏን ክርን ይዛ። ማዳመጫውን ለጊዜው ትተው መሣሪያውን ጮክ አድርገው ከፍተውታል። ፋርማሲው ጋ ደረሱ። ቀኙን ሊይዝ ክንዱን ሳብ አደረገ።

«ወደ ግራ ይታጠፉ» አለ ጎረምሳው።

«ተሳስቷል» አለ ልብስ ሰፊው። «ግራው ተቆፍሯል።»

«ኧረ አልተቆፈረም፣ አስፋልት ነው» አለች አሠልጣኟ። «አሁን በእሱ ነው የመጣሁት።»

መምህርት ቆመች። ወደ ግራ ዞራ በትሯን ዘረጋች፤ እሱም ክርኑ እንደተያዘ ተከተለ። አሁን ያ ሰውዬ ይወጣል፣ በዚያ ድምፁ «እንዴት ነሽ?» ይላታል፣ እሷም ፊቷ ይበራል። አንገቱን ደፍቶ ሄደ፣ ሄደና እዚያች በር ላይ ሲደርስ አላስችል አለው። ቀና አለ።

ሬዲዮ የለም። ፀጉር ቤት ነው። ፀጉር አስተካካዩ በር ላይ ፎጣ ያራግፋል።

ዝም ብሎ ቢያልፍ ምናለ! ግን ቅናት መች ዝም ያሰኛል? «ሬዲዮ ጠጋኙስ?» አለ።

«የቱ? ኧረ ጋሼ፣ እሱማ ድሮ ነው የሄደው! አግብቶ ሌላ አገር ገባ አሉ። እኔ ራሴ ከእሱ በኋላ ሦስተኛው ተከራይ ነኝ።»

መምህርት ሰማች። እጇ ክርኑ ላይ እንዳለ ቀጥ አለች።

«ሬዲዮ ጠጋኙ እዚህ ነበር?»

«ነበር።»

«ለዚህ ነው የምታዞረኝ?»

አዎ ለማለት ጭንቅላቱን ነቀነቀ፤ ለእሷ እንደማይታያት ትዝ ሲለው ነው «አዎ» ያለው።

«ልጃችንን አርግዤ ሳለም?»

«አዎ።»

«እግሬ አብጦ ጫማ አልገባ ሲለኝ፣ የጨርቅ ጫማ ሰፋህልኝ» አለች ቀስ ብላ። «ዳገቱን እንድወጣበት። ስንት ሰው ፊት አመሰገንኩህ።»

እጇን ከክርኑ ላይ አነሳች። ልብስ ሰፊው ወላልቆ መሬት ላይ የቀረ መሰለው። እንዲያውም ብትጮህበት፣ ብትሰድበው በወደደ። የቀናበት ሰው የለም፣ ሱቁም የለም፤ እሱ ለባዶ ቤት ሲል ሚስቱን በየቀኑ ዳገት ሲያስወጣ ኖሯል።

«ይኼኛውን ነው የምወስደው» አለች መምህርት ለአሠልጣኟ፣ ሣጥኑን ደረቷ ላይ ይዛ። ወደ ባሏም ፊቷን ሳትመልስ፣ «ትኬቱን ለአንድ ሰው ነው የምቆርጠው» አለችው።

«አትምሪኝም ማለት ነው?»

«እሱን ስመለስ እናያለን።»

በትሯን እያስቀደመች ሄደች። እሱ ጥቂት ራቅ ብሎ ተከተላት፤ ለመቅረብ አፈረ፣ ለመመለስ ደግሞ አልቻለም። ምን ያደርጋል፣ መንገዱ አጭር ነው፤ ይቅርታ የሚልበትን ቃል ሳያገኝ በሩ ጋ ደረሱ።

«ትምህርት ቤቱ በስተቀኝዎ ነው» አለ መሣሪያው።

«አመሰግናለሁ» አለችው መምህርት።

አሠልጣኟ ሳቀች። «እሱ እኮ አይሰማሽም!»

«አውቃለሁ» አለች፣ ባሏ ከኋላዋ እንደቆመ እያወቀች፣ በሩን በእጇ እየዳበሰች። «የሚሰማው ይሰማል።»