ሐኪምዎን ይጠይቁ

ስቱዲዮ ውስጥ በስሟ የሚጠራት አልነበረም። ሁሉም «ትንፋሽ» ይሏታል። ቅጽል ስሙ የወጣላት በሥራዋ ነው። የመድኃኒት ማስታወቂያ መጨረሻ ላይ የሚመጣውን ያንን ረጅም ማስጠንቀቂያ፣ ማን መውሰድ እንደሌለበት፣ ምን ምን ሊያስከትል እንደሚችል፣ አንዴ አየር ስባ እስከ መጨረሻው ታወርደዋለች። ሌሎቹ አንባቢዎች መሃል ላይ ይተነፍሳሉ፤ የተነፈሱበትን ቴክኒሻኑ እየቆረጠ ሲጥለው ንባቡ የሚንተባተብ ሰው ይመስላል። የእሷ መቁረጥ አያስፈልገውም።

ሕጉ ማስጠንቀቂያው ይነበብ ይላል። በምን ፍጥነት እንደሚነበብ አይልም። የማስታወቂያ ድርጅቱ ባለቤት ይህችን ቀዳዳ ከማንም በፊት ያያት ሰው ነው። ሠራተኞቹ ፊት ለፊት «ጋሼ»፣ ዞር ሲል ደግሞ «ጋሽ ቶሎ» ይሉታል።

ያን ቀን የተቀዳው ለመገጣጠሚያ ሕመም የሚታዘዝ ክኒን ነበር፤ ቢጫ፣ በሐኪም ትዕዛዝ ብቻ የሚሸጥ። ጽሑፉን ጋሽ ቶሎ ራሱ ስለጻፈው ከመስታወቱ ማዶ ቆሞ እጁን እያፋተገ ይጠብቃል።

«ጉልበትዎ ከዳዎት?» አለች ትንፋሽ፣ ለጥሩ ጥሩው ክፍል በምትጠቀምበት የማር ድምጿ። «ደረጃው ተራራ ሆነብዎት? ቢጫዋ ክኒን አለችልዎ። ጉልበትዎን ያስመልሱ! ዛሬውኑ ሐኪምዎን ይጠይቁ።» ከዚያ አየር ሳበች። «የኩላሊት የጨጓራ የደም ግፊት ችግር ያለባቸው ያለ ሐኪም ፈቃድ እንዳይወስዱ ሽንት ከቀነሰ እግር ካበጠ ፊት ከተነፋ ትንፋሽ ካጠረ ክኒኑን አቁመው በፍጥነት ወደ ሕክምና ይሂዱ።»

«ጉልበት!» አለ ጋሽ ቶሎ። «መታጠፊያውም ጉልበት፣ ብርታቱም ጉልበት። በአንድ ቃል ሁለት ዕቃ ሸጥኩ።»

«እኔ እንኳ ከወገብ በታች ያለውን ሁሉ የምታስመልስ መስሎኝ ልገዛ ነበር» አለ ቴክኒሻኑ።

«አንተ የጠፋብህ ከአንገት በላይ ያለው ነው» አለችው ትንፋሽ። ተሳሳቁ። ወደ ቀጣዩ ሥራ አለፉ።

እናቷ የድሮ ሕንፃ ላይኛው ፎቅ ላይ ብቻዋን ትኖራለች። ዕድሜዋን የጨረሰችው ዩኒፎርም በሚሰፋ ፋብሪካ ውስጥ ነው። የስፌት መኪናው መርገጫ የልጇን የትምህርት ቤት ወጪ ችሎ በምትኩ ጉልበቷን ወሰደ። ራዲዮኗ ማቀዝቀዣው ላይ ተቀምጦ ከንጋት እስከ ማታ ያወራል። እንግዳ ቢኖርም አይዘጋም፤ እንዲያውም እንግዳ ካለ ድምፁ ይጨምራል። «ዝም በሉ፣ ልጄ ልትመጣ ነው» ትላለች። ማስታወቂያው ሲመጣ እንግዳው ሁሉ ጸጥ ይላል።

ትንፋሽ በዚህ ታፍራለች። ዩኒቨርሲቲ የገባችው ቋንቋ አጥንታ መጽሐፍ ልትጽፍ እንጂ ስለ ሆድ ድርቀት ልታነብ አልነበረም። ቢሆንም አብረዋት ከተመረቁት ውስጥ በተማረበት እንጀራ የሚበላ ከሷ ሌላ ብዙም ስለሌለ ዝም ብላ ታነባለች።

ማስታወቂያው አየር ላይ ከዋለ በኋላ ልትጠይቃት በሄደች ጊዜ እናቷ በር ላይ አልጠበቀቻትም፤ ምድር ቤት ድረስ ወርዳ ተቀበለቻት። ከረጢቱንም ቀምታት ደረጃውን ቀድማት ወጣች።

«ምን ተገኘ? ወጣት ሆንሽብኝ እኮ!»

«ጉልበቴ ተመለሰ» አለች እናቷ፣ መለስ ብላም ሳታያት።

ትንፋሽ ሳቀች። ምን አድርገሽ ነው አላለችም። ቀጠሮ ነበራት፤ ስልኳም ይጮህ ነበር።

በሚቀጥለው ስትመጣ ግን እናቷ አልጋ ላይ ነበረች። እግሯ ጫማ አልገባ ብሎ ነጠላ ጫማ ጫፉ ላይ አንጠልጥላለች። ዓይኗ ሥር ውሃ የቋጠረ ይመስላል። «ምግብ ጠላሁ» አለች እንደ ቀላል ነገር። ትንፋሽ የእናቷን የጤና ካርድ ፍለጋ ቦርሳዋን ስትከፍት ቢጫዎቹ ክኒኖች ወጡ። አብዛኛው የማሸጊያው ቀዳዳ ባዶ ነው።

«ይሄን ማን አዘዘልሽ?»

«አንቺ ነሻ።»

«እኔ?»

«ሐኪምዎን ይጠይቁ ትዪ የለ? ጠየቅኩት።»

ትንፋሽ ትንሽ ቀለል አላት። «እሺ፣ ምን አለሽ?»

«ምን ይላል ምስኪን፤ አፉ ተጣሞ ተኝቷል። ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሶ ነው አሉ። ብርቱካን ገዝቼ ቤቱ ድረስ ሄጄ ጠየቅኩት። ሚስቱ እንዴት ደስ እንዳላት! ‹ስንቱን ሲያክም ኖሮ ከበሽተኞቹ የጠየቀው አንቺ ብቻ ነሽ› አለችኝ።»

«እማዬ! ስለ ክኒኑ ጠየቅሽው ወይ ነው የምልሽ!»

«የተኛ ሰው ፊት ስለ ራስ ጉልበት ይወራል እንዴ? ምን ነካሽ፣ ነውር አይደለም?» አለች እናቷ ቆጣ ብላ። «ደግሞ መታመሙን ሰምቼ ዛሬ ነገ ስል፣ አንቺ በራዲዮን ‹ዛሬውኑ ይጠይቁ› ስትዪኝ ነው የተነሳሁት። ይቺ ልጅ እንዴት ያለ መልካም ሥራ ይዛለች አልኩ። ሐኪምን ማን ይጠይቀዋል? እሱ ነው ሁሌ ጠያቂ።»

ትንፋሽ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ይሄው ሐኪም፣ አፉ ሳይጣመም በፊት፣ «ግፊቱ ኩላሊትሽን ነክቶታል፤ ማስታገሻ የሚባል ነገር ሳትጠይቂኝ እንዳትውጪ» እናቷን ሲላት ትንፋሽም ጎኗ ተቀምጣ ሰምታለች። ሰምታ ስታበቃ ነው ስቱዲዮ ገብታ «የኩላሊት የጨጓራ የደም ግፊት» ያለችው። ቃሉ በአፏ ሲያልፍ ጆሮዋን አልነካውም።

«ፋርማሲው ያለ ወረቀት እንዴት ሰጠሽ?»

«ወረቀት አለሽ ወይ አለኝ። ‹የምትናገረው እኮ ልጄ ናት› አልኩታ። ‹ነው እንዴ እማማ!› ብሎ ሳቀና ሰጠኝ። ክኒኗን ሁሉም በስሟ እየጠራ ነው የሚጠይቃት አለኝ።»

«ማስጠንቀቂያውስ? መጨረሻ ላይ የምለውን አልሰማሽም?»

የእናቷ ፊት በራ። «እሱንማ! ከሁሉ የምወደው እሱን ነው። እንዳይቆረጥብሽ እየፈራሁ እኔም አብሬሽ ትንፋሼን ይዤ ነው የምሰማሽ። አንድ ቀን እንኳ አልቀደምኩሽም።»

«ምን እንደምል ሰምተሽዋል?»

«ይሰማል እንዴ እሱ? እንደ ባቡር ነው እኮ የምትሄጂው።»

ሆስፒታል ውስጥ የተቀበላቸው ሐኪም ወጣት ነው፤ ድካም አዝሎታል። ደሟን አስመረመረ፣ ውጤቱን አየ፣ እንደገና አየ።

«እማማ፣ ይሄን ክኒን ማን ሰጠዎት?»

«ልጄ ናት ያዘዘችልኝ» አለች እናቷ ኮራ ብላ።

ሐኪሙ ወደ ትንፋሽ ዞረ። «የጤና ባለሙያ ነሽ?»

«አይደለሁም። ማስታወቂያውን ያነበብኩት እኔ ነኝ።»

ሐኪሙ ሊሰድብ የነበረ ሰው ይመስላል፤ ዋጠው። ኩላሊቶቿ ሥራ አቁመዋል አለ። እጥበት ይጀመራል፤ ልቧ ግን እጥበቱን መቻሉን እርግጠኛ አይደለም። «ቀድማ ብትመጣ ኖሮ» ብሎ ጀመረና ተወው። ምን ይጠቅማል?

ትንፋሽ ከሆስፒታል በቀጥታ ወደ ስቱዲዮ ሄደች። ጋሽ ቶሎን ቢሮው ውስጥ ቆሞ ሳንድዊች ሲበላ አገኘችው፤ ተቀምጦ መብላት አይሆንለትም። ሁሉንም ነገረችው። ሳንድዊቹን ወረቀቱ ላይ መልሶ አስቀመጠ። ማዘኑ የእውነት ነበር።

«ሲቻል ማስታወቂያው ይውረድ» አለች። «ካልሆነ ማስጠንቀቂያውን እንደ ሰው ቀስ ብዬ እንደገና ላንብበው።»

«ቀስ ካልሽማ ከማስታወቂያው ይረዝማል። ማን ያን ሁሉ አየር ይገዛል?»

«እንግዲያው ለሕዝብ አይነገር! በሐኪም ትዕዛዝ የሚሸጥ ነገር ለሐኪሙ ይነገረው። እናቴ ራዲዮን እየሰማች ምን እንድታደርግ ኖሯል?»

«ተይ እንጂ» አለ ጋሽ ቶሎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አባቴ በስኳር ነው የሞተው። እግሩን እየቆራረጡ። መድኃኒቱ ከተማው ውስጥ ነበር፤ የነገረን ግን አልነበረም። ሐኪሙ ‹ለነዚህ ምን ይሠራላቸዋል› ብሎ ዝም አለን። ሰው ምን እንዳለ የማወቅ መብት የለውም ነው የምትዪኝ?»

ይህን አልጠበቀችም። «አለው» አለች። «መብት ካለው ግማሹን በማር፣ ግማሹን በሩጫ ለምን እንነግረዋለን? ለአባትዎ እንዲህ ቢነገራቸው ይወዱ ነበር?»

«አባቴን ተዪው።» ሳንድዊቹን አነሳ። «ሕጉ ይነበብ አለ፣ ተነበበ። ተጠያቂዎቹ እኛ አይደለንም። የሚጠየቀው ሐኪሙ ነው፤ ደግሞ ‹ሐኪምዎን ይጠይቁ› ያልሽው አንቺው ራስሽ ነሽ።»

«ሐኪሙማ ተጠይቋል» አለች ትንፋሽ። «በብርቱካን።»

አልገባውም። እሷም አላስረዳችውም። ስትወጣ ቴክኒሻኑ ኮሪደሩ ላይ ጠበቃት፤ ድምጿን ከማሽኑ ማጥፋት ይችል እንደሆነ ጠየቀችው። ራሱን ነቀነቀ። «ለየጣቢያው ተልኳል፣ እታለም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።»

ከሁለተኛው እጥበት በኋላ እናቷ እንደ አመድ ነጥታ ተኛች። ክንዷ ላይ መርፌው የገባበት ጠቁሯል። ክፍሉ የመድኃኒትና የታጠበ ሲሚንቶ ይሸታል።

«እስቲ ያቺን በይልኝ» አለች ዓይኗን ሳትከፍት።

«የቷን?»

«የምትሮጪዋን።»

ትንፋሽ ጽሑፉን በቃሏ ታውቀዋለች። አየር ሳበች፣ ከዚያ ለቀቀችው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ቃል በቃል አለችው። የኩላሊት። የጨጓራ። የደም ግፊት። ችግር ያለባቸው። ያለ ሐኪም ፈቃድ። እንዳይወስዱ። ሽንት ከቀነሰ። እግር ካበጠ። እያንዳንዱ ላይ ቆመች። እናቷ ዓይኗን ገልጣ ብርድ ልብሱ ሥር ወዳለው እግሯ አየች።

«እንዲህ ነበር እንዴ የሚለው?»

«እንዲህ ነው።»

«ሁሉም የኔ ነው እኮ» አለች እናቷ። ጥቂት አሰበች፤ ፋብሪካ ውስጥ ስንት ዓመት የከረመ ሰው ስለ ገበያ ጥቂት ያውቃል። «ታዲያ እንዲህ ቀስ ብለሽ ብታነቢው ማን ይገዛችኋል?»

ትንፋሽ እንባዋን በመዳፏ ጠረገች።

«ተዪ፣ አታልቅሺ። አሁን የለመድኩትን በይልኝ። እኔም ልያዝ።» እናቷ የቀራትን ትንሽ አየር ስባ ያዘች።

ትንፋሽ ጀመረች። «የጨጓራ» ላይ ተቆረጠባት።

«አየሽ» አለች እናቷ፣ አየሩን እየለቀቀች። «ዛሬ ቀደምኩሽ።»

በማግስቱ እጥበቱ ላይ እያለች ልቧ ቆመ።

ከቀብር በኋላ ሰው ቤቱን ሞላው። ትንፋሽ ወደ ስቱዲዮ ላትመለስ ወስናለች፤ ማስታወቂያው ግን እሷ አላስፈለገችውም። ማቀዝቀዣው ላይ ያለውን ራዲዮ ራሷ ነቅላዋለች። ሆኖም ከታችኛው ፎቅ፣ በክፍት መስኮት፣ የማር ድምጿ እየወጣ ጉልበትዎን ያስመልሱ ይላል። ከዚያ ሩጫው መጣ። ሳይቆረጥ አለቀ።

ምድር ቤት የምትኖር ጎረቤት፣ የእናቷ የፋብሪካ ጓደኛ፣ አጠገቧ መጥታ በሁለት እጇ ጉልበቷን ደግፋ ተቀመጠች።

«እናትሽ ደግ ነበረች» አለች። «ያላትን ሁሉ ታካፍለኛለች። ቢጫዋን እንኳ ሳትሰስት ቆርሳ ሰጠችኝ።» ቦርሳዋን መታ መታ አደረገች። «ይኸው ያንቺን ድምፅ አምኜ እየዋጥኩ ነው። ለክፉም ለደጉም ሐኪሜን ልጠይቅ ነበር፤ የኔው ደግሞ ደህና ነው፣ ምን ብዬ ልጠይቀው?»

ትንፋሽ እጇን ዘረጋች። «ይስጡኝ፣ እትዬ።»

ጎረቤቷ ቦርሳውን ወደ ሆዷ ሳበችው። «ምን በወጣኝ! ጉልበቴስ? የሷ ኩላሊት እኮ የቆየ ነው፤ የኔ ደህና ነው።»

«ተመርምረዋል?»

«አሞኝ አያውቅም እያልኩሽ።»

«እሺ፣ ማስጠንቀቂያውን ልንገርዎት። ቀስ ብዬ።»

«ንገሪኝ» አለች ጎረቤቷ፣ እጇን ከቦርሳው ላይ ሳታነሳ። «ግን ቶሎ በይ፤ ደረጃው ገና ይጠብቀኛል።»