የማክስ የኋላ ቀኝ እግር

እህቴ የሻረግ ከጄኔቫ ደውላ «ትርፌ፣ ለማክስ ኢንሹራንስ ልገባለት ነው፤ ደህናውን ምረጪልኝ» ስትለኝ ሳቄን መያዝ አቃተኝ። ማክስ ውሻ ነው።

«በስመ አብ! እትዬ፣ እናታችን ይህን ሳትሰማ ማረፏ ደግ ሆነ» አልኳት።

«እናታችን ብትኖር ‹አፍሽን ዘግተሽ ምረጪላት› ነበር የምትልሽ» አለችና ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋችብኝ።

እኔ የምኖረው ዙሪክ፣ ኦርሊኮን ነው። ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ መጥቼ ይኸው አለሁ፤ ቪንተርቱር በምትባል ቅርብ ከተማ አንድ ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ውስጥ እሠራለሁ። ጀርመንኛውን እንደምንም ስለምገፋው የዘመድ አዝማዱ ወረቀት ሁሉ የሚያርፈው እኔ ጠረጴዛ ላይ ነው። የቤት ኪራይ ውል እኔ፣ የጤና ካርድ እኔ፣ አሁን ደግሞ የውሻ ኢንሹራንስ እኔ!

የሻረግ ከእኔ ቀድማ ጄኔቫ የገባችው አንድ ዲፕሎማት ቤት ወጥ ቤት ሆና ነው። የሰውየውን ሁለት ልጆች ያሳደገቻቸው እሷ ናት ቢባል ውሸት አይሆንም። ከዚያ ሰውየው ወደ ሌላ አገር ተዛወረ። ልጆቹ አለቀሱ፣ እሷም አለቀሰች፣ ዕቃ ተጫነ። ውሻው ግን የሚሄዱበት አገር ሙቀት አይስማማውም ተብሎ ለእሷ ቀረላት። አሁን እዚያው ጄኔቫ ዳር፣ ላንሲ፣ አንድ ትምህርት ቤት ካንቲን ውስጥ ትሠራለች፤ ካሩዥ የሚባል ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይታ ከማክስ ጋር ትኖራለች።

እውነቱን ልናገር፤ ልጆቹ ከሄዱ በኋላ እህቴ ሰው መሆኗ ቀርቶ ነበር። ስደውልላት «ደህና ነኝ» ትልና ወሬው እዚያው ያልቃል። ከሥራ መልስ መጋረጃ ዘግታ ትቀመጣለች። ውሻ ግን መጋረጃ አያውቅም፤ መውጣት አለበት። ማክስ እየጎተተ አርቭ ወንዝ ዳር አወጣት፣ ከሌሎች ባለ ውሾች ጋር አስተዋወቃት፣ ድምጿም ቀስ እያለ ተመለሰ። ስለዚህ ብስቅም የማክስ ጉዳይ ቀልድ እንዳልሆነ አውቃለሁ። እሱን ካጣች ማን ከቤት ያወጣታል?

ጭንቀቷ የጀመረው ማክስ ሲያነክስ ነው። የእንስሳት ሐኪሟ የኋላ ቀኝ ጉልበቱን ዳሳ «ጅማቱ ተጎድቷል፤ ከተበጠሰ ኦፕራሲዮን ነው» አለቻት። ኦፕራሲዮኑ በካንቲን ደሞዝ የሚታሰብ አይደለም። ካልተደረገለትስ ምን ይሆናል? ሐኪሟ እሱንም ነግራት ነበር፤ እህቴ ግን ለእኔ ልትደግመው አልፈለገችም። «ክፉ አላወራም» አለች።

በቅዳሜው ማክስን ይዛ ዙሪክ መጣች። ባቡር ጣቢያው ሄጄ ጠበቅኳቸው። ያ ቡናማ ግዙፍ ውሻ ከባቡሩ ዘሎ ወረደና ደረቴ ላይ ወጣብኝ።

«አየሽው?» አለች እህቴ ፊቷ እየበራ። «የት አለ ማነከስ? ጌታ ነክቶታል። ተፈውሷል!»

እህቴ ጴንጤ ናት፤ እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ። በዚህ ጉዳይ ብዙ ዘመን ተነታርከን፣ ሲደክመን ተከባበርን። ለካ የጸሎት ቤታቸው ሰዎች ፊት ቆማ «ለማክስ ጸልዩልኝ» ብላለች። እግዜር ይስጣቸው፣ «ለውሻ?» ብሎ የሳቀባት የለም፤ ጾም ጸሎት ያዙላት። ማክስም ማነከሱን ተወ። እሷም እሁድ ዕለት ወጥታ መሰከረች፤ ቤቱ በእልልታ ተናጋ አለችኝ።

ምሳ በልተን ስልኬን ከፈትኩ። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ለድመቷ የገባችበት የዙሪክ ድርጅት ነበር፤ ሦስት ዓይነት ፕላን አለው። አንደኛው አደጋ ብቻ ነው፤ መኪና ቢገጨው፣ ብርጭቆ ቢረግጥ። ሁለተኛው አደጋም ሕመምም ይሸፍናል። ሦስተኛው ክትባቱንም፣ ጥርስ ማጽዳቱንም፣ ማሳጁንም ይጨምራል።

«ማሳጅ?» አለች እህቴ።

«ማሳጅ። እኔና አንቺ ወገባችን ተቆርጦ ማንም አላሸን፤ ለእሱ አለለት።»

ሳቀችና «የመጀመሪያው ይሁን» አለች።

«አደጋ ብቻ? እትዬ፣ የሚያሰጋው እኮ ጅማቱ ነው። ጅማት ዝም ብሎ ሲበጠስ እነሱ ሕመም ነው የሚሉት፤ ሁለተኛውን ነው መያዝ።»

«ሕመም የሚል ነገር ላይ አልፈርምም። ተፈውሷል ብዬ መስክሬ፣ ዞር ብዬ ለሕመም ልክፈል? ይህ እኮ አለማመን ነው።»

ልቤ ቢበግንም ዋጥ አደረግኩት። ጥያቄዎቹን ማንበብ ቀጠልኩ። ስም፣ ዕድሜ፣ ክብደት። ከዚያ «እንስሳው ከዚህ ቀደም ታሞ ወይም ተጎድቶ ያውቃል?» የሚል መጣ።

«አያውቅም በይ» አለች፣ ዓይኗን እንኳ ሳታርገበግብ።

«ሐኪም ዘንድ ወስደሽው የለ?»

«ያ አልፏል። ጌታ የሰረዘውን እኔ መልሼ አልጽፍም።»

«ሐኪሟ ጋ ፋይል አለ! ነገ እግሩ አንድ ነገር ቢሆን መጀመሪያ የሚጠይቁት ያንን ፋይል ነው። ዋሽታለች ብለው ውሉን ይቀዱብሻል!»

«የሐኪሟ ፋይል የድሮ ነው፤ የጌታ ፋይል አዲስ ነው።»

«እትዬ የሻረግ! ኢንሹራንሱ እኮ ጴንጤ አይደለም!»

ጮኼ ነው ያልኩት። ማክስ ከጠረጴዛው ሥር ወጥቶ ተራ በተራ አየን። እኔ አንዴ ከጀመርኩ አላቆምም፤ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል አልሰማሽም?» ብዬ ጨመርኩበት። እህቴ ተነሳች። የማክስን ገመድ አሰረች።

«ቆሜ የመሰከርኩትን አልክድም፣ ትርፌ። እንደዚያ ከሆነ ኢንሹራንሱም ይቅር» አለችና ወጣች።

ያን ሳምንት ስልክ አላነሳችልኝም። እኔም አንሶላ ሳጥፍ እየተናደድኩ፣ ባቡር ላይ እየተናደድኩ ሰነበትኩ። ደግሞ ታሳዝነኝ ነበር። ልትዋሽ እንዳልፈለገች አውቃለሁ። ለእሷ «ታሞ ነበር» ብሎ መጻፍ የጾሙላትን ሰዎች ልፋት ማቃለል ነው፤ አምላኳን ማሳፈር ነው። እኔ ደግሞ የታየኝ ማክስ ጉልበቱ ተበጥሶ፣ ውሉ ተቀዶ፣ እህቴ መጋረጃዋን መልሳ ስትዘጋ ነው። ሁለታችንም የፈራነው ያው አንድ ነገር ነበር።

ሰውን በገዛ ቋንቋው ካላናገሩት አይሰማም። ይህን እያሰብኩ ሳለ ልጅ ሆኜ ሰንበት ትምህርት ቤት የሰማሁት ትዝ አለኝ። እሁድ በጠዋት ባቡር ተሳፍሬ ጄኔቫ ወረድኩ፤ ጸሎት ቤታቸው ላንሲ የሚከራየው አዳራሽ በር ላይ ቆሜ ፕሮግራማቸው እስኪያልቅ ጠበቅኩ። እህቴ ስታየኝ ደነገጠች።

«ምን ሆነሻል? ሰው ሞተ?»

«ማንም አልሞተ። አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት። ጌታ ያንን ለምጻም ከፈወሰው በኋላ ወዴት ሰደደው?»

ግንባሯን ቋጠረች። «ወደ ካህኑ ነዋ።»

«ለምን?»

«እንዲያየው። መንጻቱን እንዲያረጋግጥለት።»

«ታዲያ ጌታ ራሱ የፈወሰውን ሰው ‹ሂድና ታይ› ካለው፣ አንቺ ማክስን ለሐኪም ለማሳየት ምን ያስፈራሻል? ለምጻሙስ ካህኑ ፊት ሲቀርብ ‹ለምጽ የሚባል ነክቶኝ አያውቅም› አለ? እንደዚያ ካለ ምኑን ተፈወሰ?»

ሰዎቹ «ጌታ ይባርክሽ የሻረግ» እያሉ በአጠገባችን ያልፋሉ፤ እሷ አትመልስም።

«ይህን ማን ነገረሽ?» አለችኝ በመጨረሻ።

«ማን ይነግረኛል? የእናንተ ብቻ መሰለሽ እንዴ!»

መጀመሪያ ከንፈሯ፣ ከዚያ ትከሻዋ፣ ከዚያ መላ ሰውነቷ ሳቀ። እዚያው በር ላይ አቀፈችኝ። ከመንገዱ ማዶ ታስሮ የነበረው ማክስም ምን እንደተደረገ ሳይገባው ይጮሃል።

ሰኞን ከሥራ ፈቃድ ወስጄ አደርኩና ካሩዥ ወዳለችው ሐኪም አብረን ሄድን። እህቴ በመንገዱ ሁሉ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ትጸልያለች። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። ማክስን በኮሪደሩ ላይ አስኬደችው፣ አዞረችው፣ አስሮጠችው፤ ከዚያ ተንበርክካ ጉልበቱን አጠፈች፣ ዘረጋች። እህቴ እጄን ጨብጣ ይዛለች፤ ጥፍሯ ገባብኝ።

«አያነክስም» አለች ሐኪሟ። «ጉልበቱም ረግቷል። ሚዛን ላይ እናውጣው።» አወጣችውና ቅንድቧ ወደ ላይ ሄደ። «በጣም ከስቷል እኮ! ጅማቱን ያሳረፈው ይህ ነው። ምን አደረግሽለት?»

እህቴ ግራ ገብቷት ወደ እኔ አየች። እኔ ግን ገባኝ። ይቺ ሴት ራት በበላች ቁጥር ውሻውን እንደ ሙሽራ የምታጎርስ ናት፤ ጥብሱን ከእሱ ጋር ነው የምትካፈለው። ጾም ጸሎቱን በያዙባቸው ሳምንታት ቤቷ ውስጥ ድስት አልተጣደም፤ ማክስም ደረቅ ምግቡን ብቻ እየበላ ከረመ።

«ጾመ» አልኩ በአማርኛ።

«ጾሙ ነው!» አለች እህቴ እንባዋ እየወረደ። «አየሽ፣ ጾሙ ነው!»

ክርክሩ እዚያው ላይ ቢቀጥል እኔ «ክብደቱ ነው» እላለሁ፣ እሷ «ጌታ ነው» ትላለች። ግን የማክስን መቀመጫ ሲወዛወዝ እያየሁ መከራከሩ አላሰኘኝም። ደስ አለኝ፣ በቃ።

የዚያን ዕለት ክፍሏ ውስጥ ቁጭ ብለን ጥያቄዎቹን ሞላናቸው። «ታሞ ያውቃል?» የሚለው ጋ ስደርስ ቀና ብዬ አየኋት።

«ጻፊ» አለች። «አንክሶ ነበር። ጸለይን። አሁን አያነክስም። ሐኪም አይታዋለች።»

«‹ጸለይን› የሚለውንም?»

«እሱ ከቀረ አልፈርምም።»

ጻፍኩት። በጀርመንኛ ጥርት አድርጌ ጻፍኩት።

«ፕላኑስ?»

ትንሽ አሰበች። «ሁለተኛው። ሕመም የሚለውም ይግባ። የዳነ ሰው ሐኪም የሚፈራበት ምክንያት የለውም።» ከዚያ ጣቷን ቀሰረችብኝ፤ «ማሳጁ ግን ይቅር፤ እኔው አሸዋለሁ።»

የድርጅቱ ሰው የደወለችው በእኔ ስልክ ነው፤ ልብስ ማጠቢያው ውስጥ ሆኜ አነሳሁት። ማክስን ተቀብለውታል። የኋላ ቀኝ ጉልበቱን ግን ለአንድ ዓመት አይሸፍኑም። ዓመቱ ሲሞላ ሐኪም አይታ «ደህና ነው» ካለች እሱም ይገባል። ሴትዮዋ ድምጿ መልካም ነበር። «በግልጽ ስለጻፋችሁ ነው ይህን ማድረግ የቻልነው» አለችኝ። ስልኩን ዘግቼ በማሽኖቹ ጩኸት መሃል ብቻዬን ቆምኩ። ያ አንድ እግር እንዴት ዓመት ይከርማል? የሚል ፍርሃት ያዘኝ።

ዜናውን በስልክ ልነግራት አልፈለግኩም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ዙሪክ መጡ፤ ሐይቁ ዳር እየሄድን ነገርኳት። ትከፋለች ብዬ እየፈራሁ ቃሉን አለሳልሼ ነው የተናገርኩት። እሷ ግን ቆም ብላ ማክስን ከላይ እስከ ታች አየችው።

«እንግዲህ ሦስቱን እግር እነሱ ይያዙ» አለች። «አራተኛው የጌታ ነው። ዓመት ለእሱ ምኑ ነው?»

ያን ጊዜ ነው ልደብቃት ያልቻልኩት።

«የጌታ ብቻ አይደለም» አልኳት። «እኔም ገብቼበታለሁ።»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«የደወሉልኝ ዕለት፣ እዚያው አንሶላ ክምር ፊት ቆሜ፣ ለሰፈራችን ገብርኤል ተስያለሁ። ይህ ውሻ ዓመቱን ሳያነክስ ከከረመ ጃንጥላ አስገባለሁ ብዬ።»

እህቴ አፏን ከፍታ ቀረች። «ስለት? ለመልአክ? ለውሻ እግር? አንቺ ልጅ፣ አእምሮሽን ስተሻል!»

«በይ ስደቢኝ።»

አልሰደበችኝም። ማክስ ከፊታችን እየጎተተ ይሄዳል፣ አራቱም እግሮቹ መሬቱን እኩል ይረግጣሉ። እሷ ያንን እያየች ብዙ ሄደች። ስለ መላእክት የምትለውን ሁሉ በቃሌ ስለማውቀው ስብከቱን እጠብቃለሁ።

«ዓመቱ ሲሞላ» አለችኝ በመጨረሻ፣ ክንዴን ይዛ፣ «ጃንጥላውን ብቻሽን ሄደሽ እንዳትገዢ። አብረን ነው የምንመርጠው፤ አንቺ ቀለም አታውቂም።»