ለሁለት ሰው የተጫነ ፈረስ

ሃምሳ አለቃ ወልደገብርኤል በሰባ ስድስት ዓመታቸው በአሜሪካዋ ኦሮራ ከተማ ሲያርፉ የተናዘዙት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ለቅሶዬ ላይ ፈረስ ይጫንልኝ» አሉ። ቤት የለ፣ መሬት የለ፣ ሌላ ምን ይናዘዙ! በአገራቸው ፈረሰኛ ሲሞት ፈረሱ ተጭኖ፣ የጀግንነቱ ምልክት ኮርቻው ላይ ተሰቅሎ፣ በለቀስተኛው መሐል ይመራል። አባታቸውም አያታቸውም እንደዚያ ነው የተሸኙት።

ፈረሱ አላስቸገረም። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ እንዲሉ፣ ኮሎራዶ ተቀምጦ ፈረስ የሚያጣ ሰነፍ ነው። ፎቁ ላይ የሚኖረው ሜክሲኳዊ፣ እስቴባን፣ ለሠርግ የሚያስጨፍረው ዳማ ፈረስ ብራይተን አካባቢ ነበረውና ገና ሳይለመን «አመጣለሁ» አለ። አስቸጋሪው የአፓርትመንቱ ማናጀር ነበር፤ ድመት እንኳ የማያስገባ ሰው ነው።

«ሆርስ?» አላት፣ የሃምሳ አለቃው ልጅ ምንትዋብ ልታስፈቅድ ስትሄድ።

«ለአባቴ ፊውነራል ነው። ፓርኪንጉ ላይ ብቻ፣ ዋን አወር!»

ሰውየው ጥቂት አሰበ። በረዶ በጣለ ቁጥር ማንም ሳያዛቸው ደረጃውን ሲጠርጉ የሚያያቸው ሽማግሌ ትዝ አሉት መሰለኝ፣ እሺ አላት።

ነገሩ የተበላሸው ቅዳሜ ከቀብር መልስ፣ ፓርኪንጉ ላይ በተጣለው ድንኳን ውስጥ ነው። የሟች የጦር ጓደኛ አቶ ሀይለማርያም ከሴንቴኒያል የመጡት ሙሉ ልብሳቸውን ግጥም አድርገው፣ ፉከራቸውን አዘጋጅተው ነበር።

«ሜዳዩስ የታለ?» አሉ። «ያለ ሜዳይ የተጫነ ፈረስ የገበያ ፈረስ ነው!»

የሟች ባለቤት ወይዘሮ እታለም ከተቀመጡበት ቀና አሉ። «ፈረሱ ይዙር። ኑዛዜው ነው። ሜዳዩን ግን በዓይኔ እንዳታሳዩኝ።»

ምንትዋብ ሜዳዩን በቦርሳዋ ይዛው ነበርና አንገቷን ደፋች። እናቷ ለምን እንደዚያ እንዳሉ አታውቅም፤ ከአቶ ሀይለማርያም ጀምሮ ማንም አያውቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወልደገብርኤል ያንን የጀብዱ ሜዳይ ያገኙት በስልሳ ዘጠኙ የእርስ በርስ ጦርነት ነው፤ የተከበቡ ጓደኞቻቸውን ሊያስለቅቁ፣ ጥይት እየዘነበባቸው፣ አንድ ኮረብታ ላይ በፈረስ ጥሰው ገቡ። በዚያው ኮረብታ፣ በዚያው ቀን፣ ከወዲያኛው ወገን የተሰለፈው የእታለም ብቸኛ ወንድም በድሉ ወደቀ። በማን ጥይት እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ባል አልተናገሩም፤ ሚስትም አልጠየቁም። ያን ጊዜ ደግሞ ለጠላት ወገን ማልቀስ ክልክል ነበር፤ ይልቁንም በተሸላሚ ወታደር ቤት! እታለም ሆድ ይፍጀው ብለው ያዙት። ይኸው አርባ ዓመት ሊሞላው ነው።

ያም ሆኖ ባላቸውን ይወዱ ነበር። መጥላትማ ቢሆንላቸው ይቀላቸው ነበር። ይቅር ያላሉት አንድ ነገር ነው፤ በየዓመቱ ኅዳር ሁለት፣ በድሉ በሞተበት ቀን፣ ወልደገብርኤል በጠዋት ኮታቸውን ደርበው «ወጣ ብዬ ልምጣ» ይሉና ሲመሽ ይመለሳሉ። አንዲት ቃል እንኳ! እታለም ያን ቀን በር ዘግተው ወለል ሲፈትጉ ይውላሉ። «ፊቴን ማየት አቅቶት ነው የሚሸሸው» እያሉ ይፈትጋሉ።

እንግዲህ ሁሉም እንዳቀረቀረ፣ የባስ ሾፌሩ ዳኛቸው ከነዩኒፎርሙ ገባ። ኮልፋክስ ጎዳና ላይ ፊፍቲኑን፣ አሥራ አምስት ቁጥሩን ባስ፣ የሚነዳው እሱ ነው። እታለም ፊት በርከክ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመና ለእሳቸው ብቻ በሚሰማ ድምፅ አወራቸው።

«እትዬ፣ እግዜር ያጥናዎት። ጋሼን በጣም ነው የምወዳቸው፤ በየዓመቱ አንድ ቀን አብረን እንውል ነበር።»

«ምን ስትሠሩ?»

«ባስ ላይ ነዋ! ኅዳር ሲገባ አንድ ቀን በጠዋት ይሳፈራሉ፤ ከዚያ ሺፍቴ እስኪያልቅ አይወርዱም። ዳውንታውን ደርሰን እንመለሳለን፣ ደግሞ እንሄዳለን። አንዴ 'ጋሼ፣ ስቶፕዎ አለፈዎት እንዴ?' ብላቸው 'የለም ልጄ' አሉኝ። 'ዛሬ እታለም ወንድሟን የምታለቅስበት ቀን ነው። እኔ ቤት ካለሁ አታለቅስም፤ እንባዋን ትውጠዋለች። በደንብ ታልቅስ ብዬ ነው።' ከዚያ ወዲህ ጠይቄያቸው አላውቅም፤ ሻይ እየገዛሁ አመጣላቸው ነበር።»

እታለም አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። ሰውየው በብርድ ባስ ላይ ሲዞሩ የዋሉት እሳቸው እንዲያለቅሱ ኖሯል፤ እሳቸው ደግሞ አንድም ጊዜ አላለቀሱም። ወለል ፈተጉ፤ ረገሙ። ያን ሁሉ ዓመት የተሰጣቸውን ቀን በሳሙናና በቂም ጨረሱት። ምነው ቢናገር! ምነው ብጠይቀው!

ከዚያ ተነሡ።

«ምንትዋብ፣ ሜዳዩን አምጪው።»

«እማዬ፣ አር ዩ ሹር?»

«አምጪው አልኩሽ።»

እስቴባን ፈረሱን ይዞ ቆሟል። እታለም ሜዳዩን በገዛ እጃቸው ኮርቻው ላይ አሰሩት፤ ሁለት ጊዜ ተፈታባቸው፣ በሦስተኛው ያዘላቸው። አቶ ሀይለማርያም ጊዜው የደረሰ መስሏቸው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ይቆዩ፣ አቶ ሀይለማርያም» አሏቸው። «መጀመሪያ እኔ ላልቅስ።»

የፈረሱን አንገት ተደግፈው ሙሾውን አወረዱት፦

በድሉ ወንድሜ ያላለቀስኩልህ፣
በባሌ ለቅሶ ላይ ፈረስ ተጫነልህ።

ለቀስተኛው እርስ በርሱ ተያየ። ምንትዋብ ጠጋ ብላ «እማዬ፣ በድሉ ማነው?» አለች።

«አጎትሽ ነው። የአባትሽ ሜዳይ ቀን የሞተ አጎትሽ» አሏት፣ ሌላውም እንዲሰማ ድምፃቸውን ሳይቀንሱ። አቶ ሀይለማርያም ባርኔጣቸውን አወለቁ። ስለ ፉከራው ከዚያ ወዲያ ያነሣ የለም።

እስቴባን ልጓሙን ሳብ አድርጎ ፈረሱን በመኪናዎቹ መሐል ቀስ ብሎ መራው። እታለም ደረታቸውን እየመቱ ከኋላ ተከተሉና ሁለተኛውን ለባላቸው ጨመሩ፦

ውረድ ካውቶቡሱ ብርዱ ይበቃሃል፣
ይኸው አለቀስኩኝ ቤትህ ይጠራሃል።

የግጥሙ ትርጉም በደንብ የገባው ዳኛቸው ብቻ ነበር። ቀድሞ ስቅስቅ ብሎ ያለቀሰውም እሱ ነው።