ዝሆን-ሁለት-ሁለት-ሁለት

…እንዴ፣ ሦስተኛው ሁለት ደግሞ ከየት መጣ፣ ትላለች ለራሷ፣ ስክሪኑ ላይ ዝሆን-ሁለት-ሁለት-ሁለት ይላል፣ እሷ ያዘዘችው አንዱን ብቻ ነው፣ የበሽተኞቹ መዝገብ ያለበት የሆስፒታሉ አሮጌ ሰርቨር ዝሆን ነበር የሚባለው፣ አዲሱን ዝሆን-ሁለት አሉት፣ እሷም በየኮምፒውተሩ እየዞረ ፋይል የሚያስተካክለውን ፕሮግራም ዝሆን የሚል ባገኘህበት ሁሉ ዝሆን-ሁለት ብለህ ተካው አለችው፣ ተካው፣ ታዛዥ ነው፣ በየግማሽ ሰዓቱ ተመልሶ ይመጣል፣ ዝሆን-ሁለት ውስጥም ዝሆን አለ፣ ያገኘዋል፣ ሌላ ሁለት ይቀጥልበታል፣ በዚያ ስም የሚጠራ ሰርቨር ደግሞ የለም። ጉድ ፈላ።

ከሰዓት ነው። ማራገቢያው ያንጎራጉራል፣ ዓይኗ ክድን ክድን ይላል፣ የካርድ ክፍሏ ሴትዮ ደውላለች፣ እህቴ የአንድም በሽተኛ ስም አልወጣልኝ አለ፣ ሰው ተሰልፏል፣ እሺ እሺ አሁን ላስተካክለው ነው፣ አሁን፣ ጣቷ ግን ኪቦርዱ ላይ እንደቀረ ነው፣ ጠዋት እናቷም ደውላ ነበር፣ አባትሽ ዛሬም አልገባም?፣ አባቷ ከሞተ ዓመት አልፎታል፣ እናቷ ነገር አይያዝላትም፣ ታላቅ ወንድሟ ደግሞ ለእናት ውሸት አይነገርም፣ እውነቱን ንገሪያት ብሎ ቁርጡን ተናግሯል፣ ስለዚህ በጠየቀች ቁጥር ሞቷል እኮ እማዬ ትላታለች፣ እናቷም በጠየቀች ቁጥር መርዶ ትሰማለች፣ ደረቷን ትደቃለች፣ ከዚያ ትረሳዋለች። ትረሳዋለች? ወሬውን ትረሳለች፣ ሐዘኑ ግን እዚያው ይቀራል፣ በላዩ ሌላ ይደረብበታል፣ ምሳ አልበላም ትላለች፣ ሆዴን ባር ባር አለኝ ትላለች፣ ለምን እንደሆነ ሳታውቀው። አይ እኔ፣ ስንቴ ገደልኩብሽ እሱን።

ፕሮግራሙን ታስቆማለች፣ የተደራረበውን ታጠፋለች፣ አዲስ ትእዛዝ ትጽፋለች፣ መጀመሪያ እይ፣ ቀድሞ ተተክቶ ከሆነ አትንካው፣ አንዲት መስመር ናት፣ ይህችን አጥቼ ነው፣ ካርድ ክፍል ይደውላል፣ መጣልኝ እህቴ፣ ተባረኪ።

ስልኩ እንደገና ይጮኻል። እማዬ ናት። አባትሽ ዛሬም አልገባም?፣ አፏ ያንኑ ቃል ሊያወጣ ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ ወንድሜ ይቆጣል፣ ይቆጣ።

ምን ልትነግሪው ፈልገሽ ነው እማዬ?

እናቷ፣ ድምጿ የልጃገረድ ሆኖ፣ ኧረ ምንም፣ ኮቱን ተኩሼለት ነው።

የትኛውን፣ ሰማያዊውን?

አዎ፣ እሱ ነው የሚያምርበት።

አዎ እማዬ፣ ትላለች፣ ያምርበታል።