ከታንከሩ ጀርባ የበቀለው

ጡረታ የወጡትን የባዮሎጂ መምህር ሰፈርተኛው «መዝገበ ቃላት» ይላቸዋል። ስሙን አይጠሉትም፤ ማን ይጠላል! ልጃቸው ሥራ ስትውል የአራት ዓመት የልጅ ልጃቸውን የሚጠብቁት እሳቸው ናቸው፣ ቀኑን ሙሉ ጓሮ ለጓሮ ሲሯሯጡ።

ከውኃው ታንከር ጀርባ፣ ፀሐይ ዝር በማይልበት ጥላ ውስጥ፣ ማንም ያልዘራው ተክል በቅሎ ወገብ ደረሰ።

«አባዬ፣ ይሄ ምንድን ነው? ልጅቷ እዚህ ነው የምትጫወተው፤ ይነቀል እንዴ?» አለች ልጃቸው።

መምህሩ መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉ። ቅጠሉን ዳበሱ፤ ጥቁሯን ፍሬ አገላብጠው አዩ። እውነቱን ለመናገር አላወቁትም። ግን ልጃቸው መልስ እየጠበቀች ነው፤ ደግሞ ከእሳቸው፣ ከ«መዝገበ ቃላቱ»! ገብተው ሲያስተምሩበት ከኖሩት መጽሐፍ ሥዕል ጋር አስተያዩትና ተመለሱ።

«አውጥ ነው። ልጆች እየለቀሙ የሚበሉት ነው፣ ምንም አያደርግም።»

ተወችው። አባቷ ካሉ አለቀ።

በሳምንቱ፣ እናቷም ቤት በዋለችበት ቀን፣ ልጅቷ ከንፈሯ ጠቁሮ ከጓሮ መጣች። ብዙም ሳይቆይ ፊቷ በርበሬ መሰለ፣ የዓይኗ ብሌን ሰፋ፣ የሌለ ሰው ማናገር ጀመረች። አያትና እናት ተሸክመዋት ጤና ጣቢያ ሮጡ።

«ምን በላች?» አለች ነርሷ።

«አውጥ» አለች እናት ቶሎ ብላ። «አባቴ መምህር ነው፣ ያውቀዋል።»

«አውጥ እንዲህ አያደርግም። አባት፣ የአውጥ አበባ ነጭ ነው፤ የዚህስ?»

የመጽሐፉ ሥዕል ጥቁርና ነጭ ነበር፤ መምህሩም ሠላሳ ዓመት በጠመኔ ሲስሉት ስለ ቀለሙ አስበው አያውቁም።

«ወይን ጠጅ ነው» አሉ። «ከመጽሐፍ ገምቼ ነው እንጂ… አላውቀውም።»

ነርሷ ሐኪሙን ልትጠራ ሮጠች።

ልጅቷ ሁለት ቀን ተኝታ ዳነች። ከጤና ጣቢያው ሲመለሱ ልጃቸው ደጃፍ ላይ ቆመች።

«ያኔ አላውቅም ብትለኝ ምን ይጎድልብህ ነበር?»

እንደዚያን ቀን አፍረው አያውቁም።

ሰኞ ጠዋት መምህሩ እንደ ልማዳቸው ወንበራቸውን ወደ ጓሮ ሲያወጡ ልጃቸው ትንሿን አለባብሳ እጇን ይዛ ወጣች።

«ጎረቤት ጋ ትውላለች» አለች፣ ሳታያቸው።