በነፃ የሚሰጥ ፈረስ

«ቺንጋው አልተበጠሰም አሉ።»

ጎረቤቷ አምሳል ይህን ያለችው ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነው፤ ከአጠገቧ ላለችው ሴት ብቻ የተናገረች መስሏት። የቆርቆሮውን ጣራ ሲደበድብ የቆየው ዝናብ ድንገት ጋብ ስላለ ግን ቃሏ ዝምታው መሐል ዱብ አለ። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ግድግዳ ሥር ሰሌን ላይ የተቀመጠችው ትርሲት ሰማችው።

«የቱ ቺንጋ?» አለች ሌላዋ።

«የወፍጮው ነዋ፣ ማሽኑን የሚያዞረው ጠፍር! ሰውመሆን ሐሙሲት ቺንጋ ልገዛ ብሎ አይደል የሄደው? ባለ ወፍጮው ደስታው ግን ‹ማሽኔ ደኅና ነው፤ የላክሁትም የለ› አለ። ታዲያ በዚያ ዶፍ ምን ፍለጋ ነው የሄደ?»

ሴትዮዋ ከንፈሯን መጠጠች። ትርሲት ያልሰማች ለመምሰል ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ሳበች። ነገሩን ከእነሱ ቀድማ ታውቀዋለች። አቶ ደስታው ራሳቸው በቀብሩ ማግሥት መጥተው፣ የልባቸውን አልቅሰው ሲያበቁ ነግረዋታል። ሊያጽናኗት ነበር፤ ሳያውቁት የባሰ ነገር ጥለውባት ሄዱ።

የደስታው ወፍጮ ሠራተኛ የነበረው ባሏ ሰውመሆን የሞተው ቅዳሜ ነው። ጧት «የወፍጮው ቺንጋ ሊበጠስ ደርሷል፤ ሐሙሲት ደርሼ ልምጣ» አላት። ሽንኩርት እየላጠች ስለነበር ቀና አላለችም። «በዚህ ዝናብ?» አለች። «አልቆይም» ብሎ ከጓደኛው የተዋሰውን ሞተር ብስክሌት አስነስቶ ወጣ። ከወረታ ወደ ሐሙሲት የሚወስደውን አስፋልት ጉማራ ዘግቶታል። ወንዙ ከአፉ ወጥቶ ግራና ቀኝ ያለውን የሩዝ ማሳ ስለዋጠው ሜዳው ሁሉ አንድ ሐይቅ መስሎ ነበር። መኪኖቹ ወዲህና ወዲያ ማዶ ቆመዋል። «ወንድም፣ ትንሽ ታገሥ፤ ሲጎድል አብረን እንሻገራለን» ያሉት ሰዎች ነበሩ። ሳቀ አሉ። ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ ሞተሩን እየገፋ ገባ። መሐል እስኪደርስ ደኅና ሄደ። ከዚያ ወዲያ ግን አስፋልቱን ጎርፍ ከሥሩ በልቶት ኖሯል። በማግሥቱ ከመንገዱ ርቆ፣ ሩዝ መሐል፣ ጭቃ ለብሶ ተገኘ። ሞተሩ እስካሁን አልተገኘም።

ትርሲት አላለቀሰችም። ሴቶቹ ድንጋጤው ነው ይላሉ። እሷ ግን ምን እንደያዛት ታውቀዋለች። ውሸቱ እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮዋ ላይ ተሰንቅሮ ነው። ማንን ሊያገኝ ሄደ?

ጥርጣሬዋ የጀመረው ከስልኩ ነው። ሰውመሆን አመሻሽ ላይ ከወፍጮ ቤት ሲመጣ ቅንድቡ ሳይቀር የሩዝ ገለባ ብናኝ ለብሶ ነው። ታጥቦ ከመቀመጡ ስልኩን አውጥቶ ቼዝ ይጫወታል። የኢንተርኔት መረቡ የተቋረጠ ቀን ቤቱ ይጠበዋል፤ ሲመለስ ፊቱ ይፈታል። አጨዋወቱ ደግሞ አንድ ነው፤ ነጩ ከደረሰው ሌላ አይሞክርም። አራተኛው እርምጃ ላይ ፈረሱን አንስቶ መሐል ሜዳ ያለችውን አንዲት ወታደር ይበላል፤ ወዲያው ፈረሱ ይበላበታል።

ያገቡ ሰሞን አጠገቡ ተቀምጣ ስታይ «ኧረ ተበላህ!» ብላ ጮኻለች።

«ይብላው እንጅ።»

«ፈረስ በወታደር? ምን ዓይነት ጨዋታ ነው ይኼ?»

«ስሕተት ነው» አላት እየሳቀ። «መጽሐፉም ኮምፒውተሩም ስሕተት ነው ይላል። ግን እይ፣ ሰውየው አሁን ይደነግጣል። ‹ይሄ ሰው ምን አስቦ ነው?› ይላል። እሱ ሲያስብ እኔ ወታደሮቼን እነዳበታለሁ።»

እውነትም ወታደሮቹ ሲገፉ የሰውየው ፈረሶች አንድ በአንድ እየተባረሩ ወደ መጡበት ተመለሱ።

«ካልደነገጠስ?»

«ካልደነገጠማ ያሸንፈኛል። ምን እሆናለሁ? ከማላውቀው ሰው ጋር የሚደረግ የሥራ ፈት ጨዋታ ነው።»

በኋላ ግን ከማያውቀው ሰው ሁሉ ጋር መጫወቱን ተወ። ምሽቱ ሁሉ ከአንድ ሰው ጋር ብቻ ሆነ። ስክሪኑ ላይ «ሽምብራ» የሚል ስም አየች። ሳቁም የተለወጠው ያኔ ነው። ለሷ እንኳ እንደዚያ ስቆላት አያውቅም።

«ማነው ሽምብራ?» ብላ ጠየቀችው አንድ ቀን።

«እኔ እንጃ። የሐሙሲት ሰው ነው።»

ራሱን ሽምብራ ብሎ የሚጠራ ወንድ አለ? ይህን በልቧ ብላ ዝም አለች። ዝም ማለቷ አሁን ይቆጫታል። ያን ቀን ተጣልታው ቢሆን ኖሮ ቢያንስ አንድ ነገር ታውቅ ነበር።

የሰውመሆን እናት ወይዘሮ ገላነሽ ከወዲያኛው ጥግ ድምፃቸውን አነሡ። ሰሞኑን ሲያለቅሱ ስለሰነበቱ ጉሮሯቸው ተዘግቷል፤ ግጥሙ ግን አልነጠፈባቸውም።

«ማሳው ሩዝ ለብሶ፣ ውሃው ልኩን አልፎ፣
ማን ጠርቶት ነው ልጄ፣ የሄደው ተጣድፎ?»

ሴቶቹ ሲቀበሏቸው በሩ ላይ አንዲት ወጣት ታየች። ጥቁር ሻሿ ዝናብ ጠጥቶ ግንባሯ ላይ ተለጥፏል፤ ጫማዋ ጭቃ በጭቃ ነው። ማንም አያውቃትም። እግዜር ያጽናችሁ ልትል አፏን ስትከፍት ወይዘሮ ገላነሽ ሁለተኛዋን ስንኝ ደገሟት። «ማን ጠርቶት ነው ልጄ…» ልጅቱ የበሩ መድረክ ላይ ተንበርክካ ፊቷን በሁለት እጇ ይዛ ተንሰቀሰቀች። እናት እንኳ እንዲህ አላለቀሰችም።

ለቅሶው ረገበ። ዓይን ሁሉ መጀመሪያ ወደ ልጅቱ፣ ቀጥሎ ወደ ትርሲት ዞረ።

«የማን ወገን ናት?»

«እኔ እንጃ። ከሐሙሲት ሚኒባስ ስትወርድ አይቻታለሁ።»

«ከሐሙሲት?» አለች አምሳል።

ትርሲት ተነሣች። ለቅሶ ከተቀመጠች ወዲህ ለማንም ተነሥታ አታውቅም። ልጅቱን ክንዷን ይዛ፣ በሴቶቹ መሐል አሳልፋ፣ ወደ ጓዳ አስገባቻትና መጋረጃውን መለሰችው። የእህል ጆንያ ላይ አስቀመጠቻት። ራሷ ግን አልተቀመጠችም።

«ሽምብራ አንች ነሽ?»

ልጅቱ ቀና አለች። «አዎ። ስሜ ማስተዋል ነው። ሐሙሲት መድኃኒት ቤት እሠራለሁ።»

«ባሌን ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው?»

«አላውቀውም፣ እህቴ። መልኩን አይቼው አላውቅም።»

«አትዋሽኝ።»

«በእመቤታችን! በዚህ በፍልሰታ ልዋሽ? ሴት መሆኔን እንኳ አያውቅም ነበር። ‹አንተ› እያለ ነው የሚጽፍልኝ። እኔም አላረምሁትም። ሴት መሆኔን ያወቀ ሰው ወዲያው ሌላ ወሬ ያመጣል፤ እሱ ግን ጨዋታውን ብቻ ነበር። ‹አሁን ከወፍጮ ቤት ገባሁ፤ እንደምን ዋልህ፣ ና እንጋጠም።› ሌላ የለም።»

«ታዲያ ቅዳሜ ማንን ሊያገኝ ነው የመጣ?»

ማስተዋል የሻሿን ጫፍ ትጠመዝዝ ጀመር።

«እኔን» አለች። «ዓርብ ለት ስንጫወት እንደ ልማዱ ፈረሱን ሰጠኝ። እኔም ለቀልድ ‹ስልክ ላይ ስለሆንህ ነው የምትደፍር፤ ፊት ለፊት ብንቀመጥ ትፈራለህ› ብዬ ጻፍሁለት። ‹ነገ መጥቼ አሳይሃለሁ› አለኝ። ዝናቡን አይቼ ‹እኔ ልምጣ› አልሁት። ‹አንተ አትልፋ፤ እኔ በሞተር እደርሳለሁ› አለ። ሻይ ቤት ቼዙን ደርድሬ ስጠብቀው ዋልሁ። ሲቀርብኝ…» የሻሿን ጫፍ ለቀቀችው። «ሲቀርብኝ ‹ፈራህ አይደል?› ብዬ ላክሁበት። ሰኞ አንዲት መድኃኒት ልትገዛ የመጣች ሴት ‹ከወረታ የመጣ የወፍጮ ቤት ሠራተኛ ጉማራ ወሰደው› ስትል ነው ያወቅሁት። ‹ፈራህ› ያልሁት ውሃ ውስጥ ላለ ሰው ነው።»

ከመጋረጃው ወዲያ የሴቶቹ ለቅሶ እንደገና ደምቋል። ከጓዳው የሚወጣው ቃል አይሰማቸውም።

«ለጨዋታ ነው?» አለች ትርሲት። «ለጨዋታ ነው የሞተው?»

ማስተዋል በሻሿ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።

አሁን ትርሲት ውሸቱም ገባት። ሌላ ሴት ጋ እየሄደ አልነበረም የዋሻት፤ «በዚህ ዝናብ ለቼዝ?» ብላ እንዳትቆጣው ነው። ጎልማሳ ሰውዬ፣ የቤት አባወራ፣ እንደ ልጅ አፍሮ ነው ቺንጋ የፈጠረ። ቀና ብላ አይታው ቢሆን ኖሮ ፊቱ ያሳብቅበት ነበር። መዋሸት አይችልበትም። እሷ ግን ሽንኩርት እየላጠች ነበር። ውሃውም ላይ ያው ነው ያደረገው፤ ቀድሞ ገባ፣ ቀድሞ ሰጠ፣ ሌላው እስኪደነግጥ ጠበቀ። ውሃ ደግሞ አይደነግጥም።

«ውሽማው ብትሆኝ ይሻለኝ ነበር» አለች በመጨረሻ። «የምጠላው ሰው አገኝ ነበር።»

«እኔን ጥይኝ።»

ትርሲት አየቻት። ከሷ ጥቂት ብታንስ ነው። ከንፈሯ በብርድ ጠቁሯል። ልትጠላት ሞከረች፤ ቆማ፣ ጥርሷን ነክሳ ሞከረች። አልመጣላትም። አጠገቧ ጆንያው ላይ ተቀመጠች።

«ያንን አጨዋወቱን ማሸነፊያ የለውም?» አለች፤ ለምን እንደጠየቀች ሳታውቅ።

«አለው። ካወቅሁት ቆይቻለሁ። በበሉት ፈረስ ፈንታ የራስን ፈረስ በጊዜው መልሶ መስጠት ነው፤ እጁ ባዶ ይቀራል። ግን አንዳንድ ቀን ሆን ብዬ እሳሳትለት ነበር።»

«ለምን?»

«ሲያሸንፍ የሚስቅ ፊት ይልክልኛላ። እኔ ቀኑን ሙሉ የታመመ ሰው ፊት ሳይ ነው የምውለው። ያችን ለማየት ብዬ ነው።» ወደ ትርሲት ዞረች። «ሳቁን ግን ሰምቼው አላውቅም። እንዴት ነበር?»

«ሳቁ?» አለች ትርሲት። «ሳቁማ… መጀመሪያ በአፍንጫው ነው የሚጀምረው። ይዞት፣ ይዞት፣ ከዚያ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ያስለዋል። እኔ ውሃ አቀብለዋለሁ። ‹ትርስዬ፣ ይኼን ሰውዬ ጉድ ሠራሁት!› ይለኛል። እኔ ደግሞ እናደድ ነበር። ከማን ጋር ነው እንዲህ የሚስቅ እያልሁ…»

ጉሮሮዋ ላይ የተሰነቀረው አጥንት ተነቀለ። ከሆዷ የወጣው ድምፅ የሷ አልመሰላትም። ማስተዋል አቀፈቻት፤ ሁለቱም እህል ጆንያው ላይ ተደጋግፈው፣ አንዷ ሳቁን ሰምታ ላላመነችው፣ ሌላዋ ሳቁን ላልሰማችው ሰው አለቀሱ።

መጋረጃው ተከፈተ። ወይዘሮ ገላነሽ በትራቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ከኋላቸው አምሳልና ሌሎቹ ሴቶች አንገታቸውን አስግገዋል።

«ትርሲት፣ ይች ልጅ ማን ናት? እውነቱን ንገሪኝ። የሆነው ሁሉ ሆኗል።»

ትርሲት ዓይኗን ጠረገች። አማቷን አየች። እኒህ ሴት አንድ ልጃቸውን ዘር ሳይተካ ቀብረዋል። ለጨዋታ ሞተ ብትላቸው በየትኛው ግጥም ያለቅሱታል?

«የቺንጋው ሻጭ ልጅ ናት፣ እማማ» አለች። «ሰውመሆን ቀጥሯቸው ነበር። ቺንጋውን ይዘው ሲጠብቁት ዋሉ። መሞቱን ሲሰሙ ነው የመጣች።»

ማስተዋል ራሷን ደፋች።

«እኮ!» አሉ ወይዘሮ ገላነሽ፤ ወደ ሴቶቹ ዞረው በበትራቸው ወለሉን መቱ። «አላልኋችሁም? ልጄ ውሸት አያውቅም! ደስታው ስለ ማሽን ምን ያውቃል? ማሽኑን የሚያውቀው ልጄ ነው!» ከዚያ ጎንበስ ብለው የማስተዋልን እርጥብ ራስ ዳሰሱ። «ነይ እናቴ፣ ንፍሮ ቅመሽ። ጠብቃችሁት ነበር፣ አይደል? አይ ልጄ…»

ማስተዋል ከሴቶቹ መሐል ተቀመጠች። ንፍሮው በእጇ ላይ ቀዘቀዘ። ልትሄድ ስትነሣ ትርሲትም ተነሣች። «አንች ተቀመጭ እንጅ፣ ሐዘንተኛ ነሽ» አሏት፤ አልሰማቻቸውም። ወንዶቹ የተቀመጡበትን ድንኳን አልፈው በጭቃው እስከ ዋናው መንገድ አብረው ወጡ። በጣና በኩል ያለው ሰማይ እንደገና ጠቁሯል።

«ጉማራ ጎድሏል?»

«ዛሬ ጎድሏል። የተበላውን በድንጋይ ሞልተውታል።»

«ሹፌሩ ቢጣደፍ ‹አውርደኝ› በይው። አትፈሪ፤ ይሳቁብሽ።»

«እሺ።»

ሚኒባሱ መጥቶ ረዳቱ «ሐሙሲት! ባሕር ዳር!» እያለ በሩን ሲከፍት ትርሲት የልጅቱን ስልክ ተቀብላ የራሷን ቁጥር ጻፈችበት።

«ስትደርሽ ደውይልኝ። እንዳትረሽ።»

ተመልሳ ገባችና ቦታዋ ተቀመጠች። ከቀብሩ ወዲህ ዘግታው የሰነበተችውን ስልኳን ከትራሷ ሥር አውጥታ ከፈተችው። የሰዉ ሁሉ መልእክት እየተከታተለ ገባ፤ አንዱንም አላነበበችም። ጣራው ላይ ዝናቡ እንደገና ሲጀምር ስልኩን ፊቱን ወደ ላይ አድርጋ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው፤ ከሱ ላይ ዓይኗን አላነሣችም።