አሥራ አንደኛው ወንበር

«ተነሥ እንግዲህ፣ አንተ ወጥተሃል» አለ የሒሳብ መምህሩ፣ ሁለተኛው ወንበር ላይ ለተቀመጠው የፊዚክስ መምህር።

«በዚህ ዕድሜዬ ድብብቆሽ ልታጫውተኝ ነው?»

እየሳቀ ወጣ። ሌሎቹም ሳቁ።

የፈተናው ጥያቄ ግን አያስቅም። አሥራ ሦስት ሰዎች በክብ ተቀምጠዋል፤ ከአንደኛው ጀምሮ አንዱ እየታለፈ ቀጣዩ ይወጣል፤ መጨረሻ የሚቀረው ስንተኛው ነው? የፈተና ኮሚቴው ሰብሳቢ ያዘጋጀው የመልስ ወረቀት «አንደኛው» ይላል። አንዲት ተማሪ «አሥራ አንደኛው» ብላ ጻፈች፤ በዚያችው አንድ ነጥብ ወደቀች። ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ የአላፊዎቹ ዝርዝር ይዘጋል። የሒሳብ መምህሩ ለኮሚቴው ሦስት ደብዳቤ ጽፎ ነበር፤ ሦስቱም ስድብ ነበረባቸው፤ ለአንዱም መልስ አላገኘም። ሻይ እንኳ አብሮት የሚጠጣ ከጠፋ ሰነባብቷል። በወረቀት ያልገባቸውን እያስነሣ ሊያሳያቸው ቆርጦ፣ ሌሎቹን አሥራ ሁለት የኮሚቴ አባላት በክብ አስቀመጠና እሱ ራሱ አሥራ አንደኛው ወንበር ላይ ተቀመጠ።

አራተኛው ወጣ፣ ስድስተኛው ወጣ፤ እስከ አሥራ ሁለተኛው ድረስ ስድስት ሰው ወጣ። አሥራ ሦስተኛው ታለፈና ተራው አንደኛው ወንበር ላይ ደረሰ። እዚያ የተቀመጠው ሰብሳቢው አልተነሣም።

«አዲሱ ዙር እንደገና ከእኔ ይጀምራል» አለ።

«ስሕተትዎ እዚህ ላይ ነው። ክብ እኮ ነው ጌታዬ፤ ክብ አለቃ የለውም።»

ሰብሳቢው ኮቱን አንሥቶ ወጣ። የቀሩትም በየተራቸው ተከተሉት። በመጨረሻ ሦስተኛው ወንበር ላይ የነበረችው ጸሐፊዋ ተነሣች።

«ልክ ነዎት ጋሼ» አለች።

ይህችን ቃል ለመስማት ስንት ቀን ተንገብግቧል። «በይ ጥሪያቸው፤ ማስተካከያውን ይፈርሙ» አለ።

«ማንን? ኮሪደሩ ላይ ሰው የለም እኮ። ሰብሳቢው ስብሰባው አልቋል ብለዋቸው ሄዱ።» ቃለ ጉባኤውን ገለጠችለት። «ሰባት ፊርማ ያስፈልጋል። እኔና እርስዎ ሁለት ነን።»

ለአሥር ሩብ ጉዳይ ነው። በመስኮቱ ሲያይ፣ ሁለት ሁለት ሦስት ሦስት እየሆኑ ወደ ግቢው በር ይሄዳሉ። አምስት ሰው ብቻ ነበር የሚፈልገው። መስኮቱን ከፈተ። ያልሰደበውን አንድ ሰው በዓይኑ ፈለገ። ከዚያ ሁሉ ጀርባ የማንን ስም ቢጠራ ዞር እንደሚልለት አላወቀም።

«እባካችሁ» አለ፤ መጀመሪያ በቀስታ፣ አፉ ቃሉን እስኪለምደው።